ግመል ያላየችው ልጅ

የመስክ አራት ትምህርት ቤት በር የሚከፈተው ለሁለት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ልጆቹ ተሰልፈው ሲገቡ ሰሌዳው እያንዳንዱን በስሙና በቤቱ ቋንቋ ሰላም ይለዋል። ሰሌዳው አራቱንም ግድግዳ የያዘ ነው። ማቴዎስ ሲገባ የሸማኔ መወርወሪያ ይበራል። ኛቦል ስትገባ ቀንዱ የረዘመ ከብት ይታያል። ሞሚና ስትገባ ግመል ይመጣል፤ ከበሩ እስከ ወንበሯ ግድግዳውን ይዞ አብሯት ይሄዳል። እሷ ዞር ብላ አታየውም።

ለእኔ የሚመጣልኝ በሬ ነው። «ጋሽ አንዳርጌ፣ በሬዎችዎ እንዴት አደሩ?» ይለኛል። እኔ አርሼ አላውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የውኃ ቦቴ ነው የነዳሁት። መጀመሪያ ሰሞን «በሬ የለኝም» ብዬው ነበር። «ስለ በሬዎችዎ ስላካፈሉን እናመሰግናለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ «ደኅና አድረዋል» ብዬ አልፋለሁ።

መስክ አራት የፀሐይ መስታወት ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ በአፋር ቆላ፣ ከባቡሩ ሐዲድ በስተምሥራቅ። መስታወቱ ዐይን እስከሚደርስበት ድረስ በረድፍ በረድፍ ተተክሏል። የሚያጥበው፣ የሚጠግነው፣ የሚጠብቀው ሰው ከየአገሩ መጥቷል። ስለዚህ በአምስተኛ ክፍል ካሉት ሃያ አራት ልጆች መካከል የአሥራ አንድ ቋንቋ ልጆች አሉ።

በ2074 የወጣው ሕግ ማንም ልጅ በክፍሉ ውስጥ እንግዳ ሆኖ አይቀመጥ ይላል። ክፉ ሕግ አይደለም። እኔ በተማርኩበት ጊዜ አንድ ልጅ አፉ ተኮላተፈ ተብሎ ተሳቀበት፤ በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም ወዲያ አልመጣም። ሕጉ ሦስት ነገር ያዛል። ልጅ ሁሉ በባህሉ ይማር፤ ልጅ ሁሉ በየቀኑ ድምፁ ይሰማ፤ መምህር ሁሉ ከክፍል በኋላ ራሱን ይመርምር። ሦስቱን ለመለካት ሰሌዳው ተተከለ። ሰሌዳውን የሚታዘብ ደግሞ በየክፍሉ አንድ ሽማግሌ ተመደበ። ምስክር ይባላል። ከኋላ ይቀመጣል፤ አይናገርም፤ በወሩ መጨረሻ ይፈርማል። እኔ እስከ ስድስተኛ ተምሬአለሁ። ለመፈረም ይበቃል።

የልጁ ባህል የሚመዘገበው ከአባቱ መታወቂያ ነው። ከተመዘገበ በኋላ ትምህርቱ ሁሉ በዚያ በኩል ይመጣል። ማቴዎስ ክፍልፋይ ሲማር ሸማኔ ነው። ኛቦል መቶኛ ስትማር ከብት ነው። ኛቦል ላም ትፈራለች። የማቴዎስ አያት አርባ ምንጭ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፤ አባቱ የመስታወት ማጠቢያ መኪና ይነዳል። ማቴዎስ ግን ብልጥ ልጅ ነው። ሰሌዳው «ባህልህን አካፍለን» ሲለው ይነሳል።

«አያቴ ዐይናቸውን በጨርቅ አስረው ይሸምናሉ።»

አሥር ከአሥር።

ባለፈው ሳምንት አያቱ ለዝሆን ድንኳን ሸመኑ። አሥር ከአሥር። ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ወንበር ሥር ገቡ። ሰሌዳው የልጆቹን ትንፋሽ ለክቶ «ክፍሉ ደስተኛ ነው» ብሎ ጻፈ። ደስተኛስ ነበሩ።

የመምህራኑ ምርመራ ምልሰት ይባላል። ክፍል ሲያልቅ መምህሯ ለሃያ ደቂቃ ብቻዋን ከሰሌዳው ፊት ትቀመጣለች። «ዛሬ ያልሰማሽው ማንን ነው? ምን ተሰማሽ? ነገ ምን ታደርጊያለሽ?» ይላታል። ድምፅዋ ትንሽ ሰበር ካለ ነጥብ ይጨምራል። መምህራኑ ይህን ካወቁ ቆዩ። ሻይ ላይ ጸጸት ይዋዋሳሉ። «የሰኞውን ስጪኝ፣ የረቡዑን እሰጥሻለሁ» ሲባባሉ ሰምቻለሁ።

የእኛ ክፍል መምህርት ዓለምነሽ ላንጋና ትባላለች። ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ልጆቹን ትወዳለች። ሲያነጥሳቸው መሐረብ የምታቀብል ሰው ናት። እሷም ትዋሳለች።

የሞሚና ድምፅ ግን ከመስከረም ጀምሮ ዜሮ ነው። ሰሌዳው በየቀኑ ይጠይቃታል። «ሞሚና፣ ስለ ግመሎቻችሁ ንገሪን።» ዝም። «ሞሚና፣ ቤታችሁ ከምን ይሠራል?» ዝም። ጽሑፏ ደኅና ነው፤ ሒሳቧ ከክፍሉ ሁለተኛ ነው። አፏ ብቻ አይከፈትም። በዚያ ላይ ሠላሳ አንድ ቀን አርፍዳለች።

በኅዳር መጀመሪያ ደብዳቤ መጣ። እስከ ወሩ የመጨረሻ ዓርብ ድምፅዋ ካልተመዘገበ ወደ ድምፅ ማገገሚያ ትዛወራለች። ማገገሚያው የሐዲዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ በባቡር አምስት ሰዓት። ልጆቹ እዚያው ያድራሉ፤ ወደ ቤት የሚመጡት ለዕረፍት ብቻ ነው።

አባቷ ሃንፈሬ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነው፤ እጁ በማጠቢያው ፈሳሽ ተሰነጣጥቋል። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ አኖረው።

«ልጄ ቤት ውስጥ አታስተኛኝም» አለ። «አፏ አያርፍም። እዚህ ምን አደረጋችኋት?»

መምህርት ዓለምነሽ ደብዳቤውን አገላበጠች። አባትየው ወደ እኔ ዞረ። እኔ ምስክር ነኝ። 

በማግስቱ መምህርቷ ስድስት መስመር ጽፋ መጣች። ስለ ግመል ነው፤ ግመል የበረሃ መርከብ ነው፣ አያቴ ግመል አላቸው፣ ወተቱ ይጣፍጣል፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ለሞሚና ሰጠቻት።

«ይህችን ብቻ በያት፣ የኔ ቆንጆ። አንድ ጊዜ። ከዚያ ማንም አይነካሽም።»

ሞሚና አነበበች። ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና መለሰችላት። ቀስ ብላ፣ ሰሌዳው እንዳይሰማት ይመስል፣ «ይህን ማን አየው?» አለች።

«ማለት?»

«ግመሉን።»

«አያቶችሽ አልነበራቸውም?»

«አያቴ የባቡር ትኬት ቆራጭ ነው።»

መምህርቷ ወረቀቱን ይዛ ቆመች። ልጅቷ አሾፈችብኝ ብላ ያሰበች መሰለኝ።

እኔ ግን ከኋላ ሆኜ ያንን ጥያቄ አወቅሁት።

ቦቴ በምነዳበት ዘመን አፋሮች መንገድ ላይ ያስቆሙኝ ነበር። ውኃ ፈልገው ይመስለኝ ነበር። ውኃውን የሚጠይቁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ቁጭ ይባላል። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? አንዱ ይናገራል፣ ሌላው «እህ፣ እህ» ይላል፤ አያቋርጥም። ከዚያ ተራው ይዞራል። ይህ ዳጉ ነው፤ የአፋሮች የወሬ መቀባበያ። ስልክ ከመጣ በኋላም አልቀረም። አንድ አዲስ ሾፌር ያላየውን ጉድጓድ ውኃ ሞልቷል ብሎ ነገራቸው። ሰዎች ከነከብታቸው ሁለት ቀን ተጉዘው ደረቅ አገኙት። ከዚያ ወዲያ ያንን ሾፌር አጠገቡ ቁጭ ብሎ የሚያናግረው ጠፋ። ሰላምታ እንኳ ቆመው ነው የሚሰጡት። በሦስተኛው ወር መስመር አስቀየረ።

ሌላም ያየሁት ነገር አለ። ጠዋት ጠዋት ሞሚና ከበሩ ውጪ ባለችው የኒም ዛፍ ሥር ቁጢጥ ትላለች። ከፊቷ አሲያ አለች፤ የባቡር ፉርጎ የምታጸዳ ሴት ናት፣ ከጉዞ መምጣቷ ነው። አንዷ ታወራለች፣ አንዷ «እህ» ትላለች። ከዚያ ይቀያየራሉ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ያን ጊዜ ደወሉ ተደውሏል። ሠላሳ አንዱ መዘግየት እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ መምህርቷ ስትወጣ በሩ ላይ ጠብቄ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ሰማችኝ። ፊቷ ቀላ።

«ጋሽ አንዳርጌ፣ ይህን ሁሉ ሲያዩ ከርመው ዝም አሉ?»

«ሕጉ አትናገር ይላል።»

«ክፍል ውስጥ ነው የሚለው! በር ላይም አትናገር ይላል?»

አይልም። ስላላሰብኩበት ነው። ይህንንም ነገርኳት።

ሳቀች። ከዚያ ኒሟ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። 

«ለእሷ የሚሆን ምሳሌ ስፈልግ ነው የከረምኩት» አለች። «ግመል፣ ጨው፣ ምንጣፍ። አንድ ቀን እንኳ ምን አየሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ያላየሽውን ንገሪን እያልን፣ ባለመዋሸቷ ልንሰዳት ነው።»

«እንደሱ ነው።»

«ዓርብ እጠይቃታለሁ።»

«ጠያቂም እኮ ባዶ እጁን አይቀመጥም። አንቺም ያየሽውን ትነግሪያታለሽ።»

«እኔ ምን አየሁ?»

«እሱን እኔ አላውቅም።»

ዓርብ ጠዋት ስለ ዝውውሩ የሚወስነው ተቆጣጣሪ በባቡር መጣ። አቶ ኢተፋ ይባላል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ጫማው ያበራል። ሲገባ ሰሌዳው ፈረስ አመጣለት።

«ፈረስዎ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው» አለ፣ ቀና ሳይል። እሱም ለምዶታል።

ከፊት ተቀመጠና በጣት የሚጻፍበትን የዝውውር ቅጽ ጉልበቱ ላይ ከፈተ። ሰሌዳው «ሞሚና፣ ስለ ግመሎ—» ማለት ሲጀምር መምህርቷ «ሰሌዳ፣ ቆይ» አለችው። ቆመ። ወደ ሞሚና ሄደችና ቀሚሷን ሰብስባ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። ልጆቹ ሊያዩ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ሞሚና፣ ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ሞሚና አየቻት።  ከዚያ ከወንበሯ ወርዳ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«የመጣሽው አንቺ ነሽ» አለች። «አንቺ ጀምሪ።»

ክፍሉ «ው!» አለ። መምህርን አንቺ ያለ ልጅ እዚያ አልታየም። በሞሚና ቤት ቋንቋ አንቱታ የለም፤ መምህርቷ ይህን ታውቅ ነበር፤ አልተቆጣችም። ወደ ተቆጣጣሪው አንድ ጊዜ ገልመጥ ብላ ጀመረች።

«ዛሬ ጠዋት ቧንቧ ላይ ውኃ አልነበረም። በአንድ ኩባያ ታጠብኩ።»

«እህ።»

«መንገድ ላይ የጸጥታ ጠባቂው ውሻ ተከተለኝ። አንድ ጆሮው ቆስሏል።»

«እህ።»

«ሰኞ በምልሰት ላይ የተናገርኩት ጸጸት የራሴ አይደለም። ከአራተኛ ክፍል መምህር ተውሼ ነው። የማክሰኞውንም። ከመስከረም ጀምሮ የራሴን የተናገርኩት ሁለት ቀን ነው።»

የአቶ ኢተፋ ጣት ቅጹ ላይ ቆመ።

«እህ» አለች ሞሚና።

«የጻፍኩልሽን ግመል አላየሁትም። በሕይወቴ አንድ ግመል ነው ያየሁት፤ እሱም ከባቡር መስኮት፣ ከሩቅ። ድንጋይም ሊሆን ይችላል።»

ኛቦል ሳቀች። ሁሉም ሳቁ። ሞሚና አልሳቀችም፤ ግን ትከሻዋ ወረደ። ተራው የእሷ ሆነ።

ያን ጊዜ ጀመረች። ለሁለት ወር ተኩል የተዘጋ ቧንቧ ሲከፈት እንደዚያ ነው። እንዲህ አለች፦ ሃያ ሁለት ፉርጎ ያለው ባቡር ትናንት አለፈ፤ አሲያ ቆጥራዋለች። አሲያ ከድልድዩ ወዲያ አራት ሰዎች ሐዲዱን ሲጠግኑ አየች፤ አንዱ ሲሠራ ሦስቱ ያዩታል። በመስክ ሁለት አንዲት ሴት መንታ ወለደች፤ ይህን ከአሲያ ሰማሁ፣ አሲያ ከአዋላጇ ሰማች። የአባቴ ጓንት ተቀደደ። ነፋሱ ከትናንት ወዲያ አቅጣጫ ቀየረ። በሠላሳ አንደኛው ረድፍ ሦስተኛው መስታወት ሥር አንዲት ወፍ መሬት ላይ ሁለት እንቁላል ጥላለች፤ ዛሬ ወደዚህ ስመጣ አየሁ። ወፏ አሸዋ ትመስላለች፤ ካልተንቀሳቀሰች አትታይም።

«የማቴዎስ አባት ማጠቢያውን በዚያ በኩል አያሳልፍም» አለች። «ወፏን ብሎ ይዞራል።»

ማቴዎስ ብድግ አለ። «አንቺ! ምስጢር ነበር እኮ!»

«ምስጢር ነው አላልከኝም።»

«ታዲያ ለመንግሥት ሰው ይነገራል?»

አቶ ኢተፋ አሳለ።

«ደግሞ አያትህ ለዝሆን ድንኳን አልሸመነም» አለች ሞሚና። «ማንም አላየም።»

ማቴዎስ ወደ ሰሌዳው አየ፣ ወደ መምህርቷ አየ። «ፀጉር ነው የሚቆርጡት» አለ በመጨረሻ። ከዚያ ቀና አለ። «ግን አንድ ጊዜ የሙሽራ ሚዜ ፀጉር ሲቆርጡ መብራት ጠፋና ግማሹ ቀረ። ሰርጉ ላይ በኮፍያ ቆመ።»

«አየኸው?»

«አየሁት! ኮፍያውን እኔ ነኝ ያመጣሁለት።»

«እሱን ንገረን» አለች፣ ቦታ ለቀቀችለት። ማቴዎስም ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ቀጥሎ ኛቦል ላም እንዴት እንዳባረረቻት ልትናገር እጇን አወጣች። ሌሎችም ከየወንበራቸው ወረዱ። «እህ» የሚለው ድምፅ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። በዚያ ክፍል ብዙ ነገር ሰምቻለሁ፤ ሃያ አራት ልጆች አንድ ሰው ሲያዳምጡ ግን ያኔ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ሰሌዳው በራ።

«ሞሚና ሃንፈሬ። የንግግር ጊዜ፦ አሥራ አንድ ደቂቃ። ባህላዊ ይዘት፦ አልተገኘም። እውነትነት፦ ማረጋገጥ አልተቻለም። ድምፅ፦ ዜሮ።»

 መምህርቷ ከወለሉ ተነሳች።

«ሰምተዋታል» አለችው ተቆጣጣሪውን። «እዚህ ቁጭ ብለው ሰምተዋታል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ይጻፉ።»

«እህቴ፣ ቅጹ የሚጠይቀኝ መስማቴን አይደለም። ሰሌዳው ማረጋገጥ አልተቻለም ካለ እኔ ተረጋግጧል ብዬ ልጽፍ አልችልም።» ሰውየው አልተከፋም፤ ደክሞታል እንጂ። «ሕግ ነው። ያላረጋገጥኩትን አልፈርምም።»

ሞሚና አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችው። ይህ አነጋገር የገባት መሰለኝ።

«ልክ ነህ» አለችው። «ሠላሳ አንደኛው ረድፍ ቅርብ ነው። ሂድና እይ።»

ሰውየው ሰዓቱን አየ። ባቡሩ ሊነሳ ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጫማውን አየ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ወደ ኋላ ወደ እኔ አየ።

«ጫማዎ ይቆሽሻል እንጂ ሩቅስ አይደለም» አልኩ።

በክፍል ውስጥ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ሰሌዳው ወዲያው በራልኝ። «ጋሽ አንዳርጌ፣ ስለ በሬዎችዎ ስላካፈሉን እናመሰግናለን» አለ። ልጆቹ እንደገና በሳቅ ፈረሱ። አቶ ኢተፋም ሳይወድ ሳቀ፤ ሳቁን ለመደበቅ ተነሳ፤ ከተነሳ በኋላ ቁጭ ማለት ስላልሆነለት ቅጹን የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወጣ።

በሩን ክፍት አድርገን አየነው። በመስታወቶቹ መካከል ረድፍ እየቆጠረ ሄደ፤ ጥላው በየመስታወቱ ተሰበረ። እየሄደ አነሰ። አንድ ቦታ ቆመ። ጎንበስ አለ። ከዚያ በሙሉ ልብሱ ተንበረከከ። ከጉልበቱ ሥር የሆነ ነገር ተነስቶ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ሲሄድ አቧራው ታየ። ሰውየው አልተነሳም። ባቡሩ ጮኸ። አልተነሳም። ባቡሩ ሄደ።

መምህርቷ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች። ሞሚና ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ናት፤ ልታይ አልተነሳችም። ያየችውን ታውቃለች።

አቶ ኢተፋ ሲመለስ ጉልበቱ ነጭ አቧራ ነው፤ ፊቱን አልቦታል።

«ሦስት ናቸው» አለ ከበሩ።

«ሁለት ናቸው» አለች ሞሚና።

«ሦስት። ቆጠርኩ።»

«ስመጣ ሁለት ነበሩ።»

«አሁን ሦስት ናቸው። አንደኛው ገና ሞቃት ነው። ነካሁት… መንካት አልነበረብኝም ይሆናል። እናትየው ክንፏ የተሰበረ መስላ እየጎተተች ልታርቀኝ ሞከረች። በኋላ ተነስቼ ስከተላት በረረች።»

ልጅቷ አሰበች። ክፍሉ ሁሉ አፏን ይጠብቃል።

«በዐይንህ አየኸው?»

«በዐይኔ።»

አቶ ኢተፋ ቅጹን ከመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ አነሳ። ሰሌዳው ያወጣውን ዜሮ በጣቱ ሰረዘ፤ በምትኩ አንድ መስመር ጻፈ፤ ለመምህርቷ አሳያት። «ተናግራለች። ራሴ አረጋግጫለሁ። አትዛወርም።» መምህርት ዓለምነሽ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሰሌዳው «መምህርት፣ ምን ተሰማሽ?» ብሎ ጠየቃት፤ ማንም አልመለሰለትም።

ሞሚና ጠጋ ብላ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች። ማቴዎስንም በክርኗ ገፋችው።

«ቁጭ በል» አለችው ተቆጣጣሪውን። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረን።»

ሰውየው ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለው። ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ እግሩን የት እንደሚያደርገው ትንሽ ቸግሮት ነበር።

«ከበሩ ስወጣ ነፋስ ነበር» ብሎ ጀመረ።

«እህ» አለች ሞሚና።